ወንበሩ እንዴት እንደዞረ

እስቲ ወለሉን እዩት። ወንበሩን አላልኩም፤ ወንበሩማ አምሮበታል። ወለሉን! የሶፋ ሠሪው ሳሎን የላስቲክ ምንጣፍ ላይ የወንበሩ እግሮች የቧጨሩትን መስመር ታያላችሁ። ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። መነሻው ላይ ወንበሩ ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። መድረሻው ላይ የተቀማጩ አፍንጫ ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በመካከል ያለው ቡጭርጭር የአንድ ኩሩ ሰው ታሪክ ነው።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ቁልፍ እቀርጻለሁ። የሁለታችንም ቤት ከሱቃችን ጀርባ ነው፤ መሃላችን ያለው ግድግዳ ደግሞ ከግድግዳነት ይልቅ ለወንፊትነት ይቀርባል። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ሰማሁ፣ አየሁ፣ በቃ።

ሶፋ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። ሞላውን በገመድ ያስራል፣ ስፖንጁን በቢላ ይቀርጻል፣ ጨርቁን በእጁ ይሰፋል። ጨርቅ በሽቦ የሚቸነክር ስቴፕለር በሱቁ ውስጥ የስድብ ያህል ነው። ደንበኛ ሲመጣ «ምን ዓይነት ይሁንልህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ተቀመጥ» ይላል። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። «ሰው ባፉ ይዋሻል እንጂ ባቀማመጡ አይዋሽም» የሚላት ነገር አለችው። የክንድ መደገፊያ ላይ የሚቀመጠውን፣ በሰበብ አስባቡ ዕቃ የሚመልስ ነገረኛ ነው ይለዋል። ዘፍ ብሎ የሚሰምጠው ሰነፍ ነው፤ ውሳኔው የሚስትህ ነውና እሷን ጥራ ይለዋል። ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲያይ ግን መዶሻውን ያስቀምጣል። አጠገቡ ሄዶ ቁጢጥ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርህ?» ይለዋል። እንደ ሐኪም። ይህን ጥያቄ የማያውቀውን መንገደኛ ሁሉ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ።

ልጁን ግን አልጠየቃትም።

አንዲት ልጅ አለችው። ስፖንጅ ላይ ተኝታ ያደገች፣ ወስፌ ከእርሳስ ቀድማ የጨበጠች። ስፌቷን ከእሱ ስፌት ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከእሱ ከራሱ በቀር። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው፤ እደርስበታለሁ። ከመሄዷ በፊት በነበሩት ወራት ሁሉ፣ በገዛ አባቷ ሶፋ ላይ፣ ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ዓይኑ እያየ። አንድ ቀን ሌላ ከተማ፣ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ሥራ እንዳገኘች ነገረችው።

«ምን ልትሸጪ?» አላት።

«ሶፋ።»

«ማን የሠራውን?»

«ፋብሪካ።»

ይሄን ጊዜ የጮኸው ጩኸት የኔን የቁልፍ መስቀያ አንቀጥቅጦታል። «ስቴፕለር የሚሸጥ ልጅ አልወለድኩም!» አላት። ልጅቱም የአባቷ ልጅ ናት፤ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አልደወለላትም። ለእናቷ ስትደውል እሱ ብድግ ብሎ ሱቅ ይገባና መዶሻ ያነሳል። ሚስማር የሚመታ መዶሻና ባዶ እንጨት የሚመታ መዶሻ ድምፃቸው አንድ አይደለም። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ የሚመታው ባዶ እንጨት ነበር። የልጁ ድምፅ እንደናፈቀው እኔ አውቅ ነበር፣ ሚስቱ ታውቅ ነበር፣ መዶሻውም ያውቅ ነበር። እሱ ብቻ ሥራ የበዛበት ይመስለዋል።

ልጅቱ ስትሄድ ሚስቱ «ቤቱ ጭር አለብኝ» ብላ ቴሌቪዥን አስገባች። በቴሌቪዥኑም ያ ፕሮግራም ገባ። ታውቁታላችሁ፤ አላውቀውም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል፣ በየጥጉ ካሜራ ይተከላል፣ እሑድ እሑድ ማታ በተመልካች ድምፅ አንዱ ይባረራል። ሚስትየው «ቤቱ» ነው የምትለው፤ የራሷ ቤት የሌላት ይመስል።

እዚህ ላይ የልቤን ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ጤነኛ ሰው፣ ሥራ ያለው ሰው፣ ሌላው ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ ለማየት ቁጭ ይላል! የገዛ ወንድሙን ደጅ ከረገጠ የቆየ ሰው፣ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ማንን እንዳኮረፈ በቃሉ ይወጣዋል። አኩራፊ ማየት ካማራችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠውን አታዩትም እንዴ? እሱ እንደሆነ በነፃ ነው።

ሶፋ ሠሪውም መጀመሪያ ላይ ከኔ ጋር ነበር። እንዲያውም ይብስ ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊቱን ለሚስቱ አደረገና «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥን ስለሰቀለ፣ ደንበኞቹ ፊት ቆሞ ገሠጸው። «ይሄ የሰው መስኮት ነው። በሰው መስኮት የሚያይ ሰው ስሙ ምንድን ነው?» አለው። ፀጉር አስተካካዩ መቁረጡን ቀጠለ። ጥያቄዋን ግን አስቀመጣት።

ነገሩን ያበላሸው አውራ ጣት ነው። ሚስማር የሌለበት መዶሻ መጨረሻው አውራ ጣት ነውና፣ አንድ እሑድ ስልኩ ሲጮህ ባዶ እንጨቱን ሊመታ ገብቶ ጣቱን አገኘው። በሚቀጥለው እሑድ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር መዶሻ መጨበጥ አልቻለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መስማት ግድ ሆነበት። ሚስቱ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን በላውድ ነው የምታደርገው። የልጅቱ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«እማዬ፣ ባለ ኮፍያውን አየሽው ዛሬ?»

«አየሁት! እንቁላሉን ደብቆ!»

«እሱስ? ዛሬስ እንዴት ነው?»

«እንዳልኩሽ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብሏል።»

ይሄኔ ልጅቱ ሳቀች። ያንን ሳቅ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከአፍንጫ ይጀምርና መሃል ላይ ትን ይላታል። ሶፋ ሠሪው ፋሻውን ነካካ። በምን እንደሳቀች አልገባውም። ልጁ ትስቃለች፣ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ፣ እሱ ደግሞ ጨዋታው አልደረሰውም። ስልኩ ሲዘጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለ ኮፍያው ማነው?»

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። «አሁን የጠየቅኸኝ አንተ ነህ ወይስ ጀርባህ?»

በግልጽ የተጀመረው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩ ደግሞ ትንሽ ዞረ፤ ቀኝ ጆሮውን ለቴሌቪዥኑ እስኪሰጥ። ምክንያቱ ከበሩ የሚገባው ነፋስ ነበር። ቀጥሎ የአምፖሉ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። ቀጥሎ ወገቡን አመመው፤ የገዛ እጁ ሥራ ወንበር ወገቡን! ሚስቱ ደግሞ ወንበሩ በዞረ ቁጥር የሻይ ጠረጴዛውን አብራ እያስጠጋች ስልኳን ታነካካ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እሱንም እንዲሁ ከነወንበሩ ወሰደው።

በጎን እስኪቀመጥ ድረስ ታገሰ። በጎን በተቀመጠበት ማታ ግን ዓይኑ ሾለከና እዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሶፋ አየ። ከግድግዳው ማዶ ብድግ ሲል ሰማሁት፤ እሳት የተነሳ ነበር የመሰለኝ።

«ይሄን ሶፋ ማነው የሠራው? የኋላውን የግራ እግር እይው! እንዲህ በቀጠነ እንጨት? ስድስት ጎረምሳ እየዘለለበት? ይሰበራል! ምን አለ በሉኝ፣ ይሰበራል!»

«ጀርባህን ሰጥተህ እንዴት ታየህ?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ሶፋውን ነው የማየው። ሰዎቹ መጥተው ይቀመጡበታል፣ ምን ላድርግ?»

ከዚያ ወዲያ ሶፋውን ብቻ ሊያይ፣ እግሩ ሲሰበር ሊያይ፣ ሌላ ምንም ላያይ ወንበሩን አዞረ። እግሩ ግን አልሰበር አለ። እሱም እስኪሰበር ሲጠብቅ ተቀማጮቹን ማወቅ ጀመረ። ባለ ኮፍያው ክንድ መደገፊያው ላይ ስለሚቀመጥ ነገረኛ ነው። ዘፋኟ ዘፍ ስለምትል ሰነፍ ናት። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ደግሞ አለች፤ ስትመጣ ጀምሮ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

«ይቺ ትወጣለች» አለ መጀመሪያ ቀን። «ልቧ በር ላይ ነው።»

አልወጣችም። በሳምንቱም አልወጣችም። እሱ ግን ትወጣለች ብሎ መፍራት ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ማታ ለቴሌቪዥኑ እንዲህ ብሎ ጮኸ፦ «እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይጥፋ? ‹የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርሽ?› የሚላት አንድ ሰው?»

ሚስቱ ሻይዋን አስቀመጠች። «አዎ» አለች፣ «አንድም ሰው አልጠየቃትም።»

እሱ ወንበሩን ትቶ ወደ መኝታው ሄደ። እኔም ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ «ይበልህ!» አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት፤ ወንፊት ነው ብያለሁ።

አትሳቁ ግን፣ ሰውየው ለየለት። የደንበኛ ወንበር እያቆየ «ስፖንጅ ጠፋ» ይላል። እሑድ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ «የደም ግፊት» ይላል። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እኔ ጋ መጣ።

«አንተ፣ የጽሑፍ መልእክት እንዴት ነው የሚላከው?»

«ለማን?»

«ለአንዲት የዘመድ ልጅ።»

ቁጥሩን አየሁት። «ዘመድህ ስልኳ እንዴት ነው እንዲህ ያጠረው?»

«ቁጥብ ቤተሰብ ነን» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ዝምተኛዋ ልጅ እንዳትባረር ድምፅ ሊሰጥ ነው። ላኩለት። ምን ላድርግ? ለጫፍ ተቀማጭ መቆሙ ደስ አለኝ፤ የቆመላት ልጅ የሌላ ሰው ልጅ መሆኗ ደግሞ አበሸቀኝ። የራሱ ልጅ ስልክ ሙሉ ቁጥር አለው፣ ለዚያ ጣቱ አይታዘዝም!

ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች። ሚስቱ እግሯ የተሰበረ እህቷን ልታስታምም ሄዳለች፤ ሶፋ ሠሪው ብቻውን ነው። ወንበሩ አሁን ፊት ለፊት ነው፤ የሚያፍርበት ሰው የለም። የሚባረሩት ዕጩዎች ሁለት ናቸው፦ ባለ ኮፍያውና ዝምተኛዋ። አስተዋዋቂው እንደ ልማዱ ቃሉን ጎተተ። «ዛሬ ከቤቱ ተሰናብቶ የሚወጣው ሰው...» አለ።

መብራት ጠፋ።

የሶፋ ሠሪውን ጩኸት መንገዱ ሁሉ ሰማ። በጨለማ ወጥቶ እየተደናበረ መንገዱን ተሻገረ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጄኔሬተር አለው። ሱቁ ጢም ብሏል፣ ሰው በመስኮት ሳይቀር ተንጠልጥሏል። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመና እጅ ነሳው።

«ጋሼ! እንኳን ደህና መጡ። እስቲ አንድ ነገር ያስታውሱኝ፤ በሰው መስኮት የሚያይ ሰው ስሙ ምን ነበር?»

ሳቁ ከመንገዱ ማዶ እኔ ጋ ደረሰ። ሶፋ ሠሪው ፊቱን አዙሮ ተመለሰ፤ ማን እንደወጣ ሳይሰማ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ። ወሬውን ከነሱ አፍ ላለመቀበል ነው። የኔን በር በክርኑ ገፋው።

«ስልክ አለህ?»

«ያንተስ?»

«ባትሪው አልቋል።»

ሰጠሁት። ሚስቱ ጋ ደወለ። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወለ። ተይዟል።

«በዚህ ሰዓት ከማን ጋ ነው የምታወራው?» አለ።

«ከማን ይመስልሃል?» አልኩት።

በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለ። ሻማው ትንሽ ነው፤ አቀማመጡን ግን አየሁ። ጫፍ ላይ ነበር። ሊነሳም ሊቀመጥም ያልወሰነ ሰው፣ ስልኬን በሁለት እጁ እንደ ትኩስ ዳቦ ይዞ። ይሄን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቁጢጥ አልኩለትና «አንተ ሰውዬ፣ የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሊቆጣ ነበር፤ አልተቆጣም። ቁጥር መምታት ጀመረ። በዚያ ጨለማ፣ አንድም ቦታ ሳይሳሳት፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል። ሰውየው ቁጥሯን በቃሉ ያውቀዋል! የኔ ስልክ ደግሞ በላውድ ካልሆነ አይሰማም፤ ስለዚህ ብወጣም ባልወጣም ያው ነበር። አልወጣሁም።

«ሀሎ? ማን ልበል?»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

አባትሽ ነኝ ማለት አቃተው። ላቡን ጠረገና «ሶፋ ሠሪው» አላት።

ስልኩ ውስጥ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ተደረበ። «አባዬ? እማዬ ምን ሆነች? አሁን አብረን እያወራን ነበር! አክስቴ ናት? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ማን ወጣ?»

«ከየት?»

«ከቤቱ ነዋ! መብራት ጠፋ!»

ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ ከአፍንጫ የሚጀምረው፣ መሃል ላይ ትን የሚለው። ሳልና ሳቅ ተቀላቀለባት። እሱ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከዚያ ከንፈሩ ከዳው።

«አልነግርህም» አለች ስትረጋጋ። «መጀመሪያ ደህና ነሽ ወይ በለኝ።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

«ጥሩ። ማን ወጣ?»

«ባለ ኮፍያው።»

ስልኩን ይዞ ተነሳ፣ ተቀመጠ። «ልጅቱ ቀረች? ጫፍ ላይ እየተቀመጠች?»

«ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መሄድ የፈለገ ይመስልሃል። ገባ በል እስኪባል የሚጠብቅም አለ።»

ይሄ የት ላይ እንዳረፈ እኔ አየሁ። እሱ ግን ወንድ ነው፤ ሸሸ፣ ወደሚያውቀው ነገር። «ለመሆኑ ያ ሶፋ... የኋላው የግራ እግር... እስካሁን አልተሰበረም። ምን ነክቶት ነው?»

«ያ ሶፋ እኮ የኛ ነው፣ አባዬ። እኔ የምሸጠው።»

«አንቺ የምትሸጪው?»

«እግሩ ብረት ነው። እንጨቱ ልባስ ነው፣ ለዓይን።»

ዘመኑን ሁሉ እንጨት የዳበሰ ሰው፣ ብረት እስኪሰበር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ መክረሙን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሻማዋን አመሰግናለሁ። «ሰው ታታልላላችሁ!» አለ በመጨረሻ።

«አንተስ? ‹ነፋስ ገባ፣ ወገቤን አመመኝ› እያልክ ማንን ነው የምታታልለው? እማዬ በየሳምንቱ የወለሉን ፎቶ ትልክልኛለች። ወንበሩ እስከ የት እንደሚዞር እየተወራረድን ነው! ከባለ ኮፍያው ይልቅ አንተን ነበር የምንከታተለው።»

እንግዲህ የሳቋ ምክንያት ይሄ ነበር። በምን እንደምትስቅ ሊያውቅ ነው ወንበሩን ማዞር የጀመረው፤ የሳቀችው ግን ወንበሩ ሳይታወቀው ቀድሞ ፈቀቅ ማለት በመጀመሩ ነው። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና፣ ለደንበኛ በሚናገርበት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«የቱ ጋ ነበር የሚቆረቁርሽ?»

«የሰፋሁትን ሁሉ» አለች፣ «ዞር ስል ትፈታውና እንደገና ትሰፋው ነበር። የማላውቅ ይመስልሃል። ክሩን ቅርጫቱ ውስጥ አገኘው ነበር።»

«ስፌትሽ ጥሩ ነበር። ከኔም ይሻል ነበር።»

«ጥሩ ከነበረ ለምን ፈታኸው?»

መልሱን ከኔ ፊት ላይ ፈለገ። አልረዳሁትም፤ ለምን እረዳዋለሁ? ይፈልግ፣ ይጨነቅ! «እጄ...» አለና ተወው። ከዚያ «ጥፋቴ ነው» አለ። ከአፉ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ብረቱ እግር እንኳ አላለውም።

ልጅቱ አፍንጫዋን ሳበች። «እሑድ እደውላለሁ» አለች። «ለአንተ።»

መብራት መጣ። ከግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥኑ ተንጫረረ፤ ባለ ኮፍያው ሲያለቅስ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ። ሶፋ ሠሪው አልተነሳም። በርጩማዬ ላይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ጎረበጠው መሰለኝ፤ «ይሄን በርጩማ ማነው የሠራው?» አለኝ። ያን ጊዜ ደህና መሆኑን አወቅሁ።

ሚስቱ በሚቀጥለው እሑድ ማታ ስትመለስ ወንበሩን እንደ ድሮው ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ አገኘችው። የባሏን ግንባር ዳሰሰች፤ የታመመ መስሏት። አልታመመም። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊት አፍጥጦ ያያል። እሑድ ማታ አስተዋዋቂው ቃሉን መጎተት ሲጀምር ግን ተነስቶ ወንበሩን ያዞራል፣ ጆሮውን ይይዛል፣ ሚስቱንም «አፍሽን!» ይላታል። ከዚያ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። የወጣውን ሰው መስማት የሚፈልገው ከልጁ አፍ ብቻ ነው። እሷም ወዲያው አትነግረውም፤ መጀመሪያ ስለ ራሷ ታስጠይቀዋለች። ትንሽ ትንሽ ሌላም ነገር ይነጋገራሉ። ክር የተባለ ቃል ሲነሳ ሰምቻለሁ። ሁሉ ነገር አልታረቀም፤ የብረቱን እግር በተመለከተ «ብረትም ይዝጋል» ብሏታል።

ፕሮግራሙን እንደ ድሮው እጠላዋለሁ፤ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የለም። ግን እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ማን እንደወጣ ከሰማችሁ አፋችሁ አያርፍም፣ መንገድ ላይ እየጮኻችሁ ነው የምትሄዱት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እሑድ ማታ በዚያ በር ስታልፉ ድምፃችሁን ቀንሱ። አስተካካዩም ቢሆን ይስማኝ። ማን እንደወጣ አትናገሩ፤ ልጅቱ ትንገረው።